ለጓሮ መጫወቻ ሜዳ የሚሆን ሰው ሠራሽ ሣር፤ የክሩን ቁመት ስለ መምረጥ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰው ሠራሽ ሣር የሚባለው ዕቃ በአገራችን ገበያ እየታወቀ መጥቷል። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋር ይህን ሣር የለበሱ ትንንሽ የኳስ ሜዳዎች ስለ ተሠሩ፤ ለንግድም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ዋናው ከተማ የሚወርድ ሰው አይቷቸው ይመለሳል። ሆቴል ያለው፣ ትምህርት ቤት የከፈተ ወይም ሰፊ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ «ይህ ነገር ለእኔም ግቢ ይሆን ይሆን?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። አሳቡም ከሰቆጣና ከደሃና ባለሱቆች ዘንድ ሲደርስ፤ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን፣ ቀጥሎም ቀለሙን ነው። ሜዳው ለብዙ ዓመታት ማገልገሉን ወይም በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ መበላሸቱን የሚወስነው ግን የክሩ ቁመት ነው። ስለዚህ ዕቃውን የሚያስመጣ ነጋዴና በችርቻሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን አንድ ነገር ጠንቅቀው እንዲያውቁ ከዚህ በታች ያለውን አቅርበናል።

በዋግ ኽምራ ደጋ ይህ ዕቃ የሚፈለግበት እውነተኛ ምክንያት አለ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። የአካባቢው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይበዛል፤ የቀረው የዓመቱ ክፍል አብዛኛው ደረቅ ነው። የተፈጥሮ ሣር አልምቶ ሜዳ ለማድረግ ዓመቱን ሁሉ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ለሰውና ለከብት የሚበቃ ውሃ በሚያስቸግርበት አገር ደግሞ ውሃን ለሣር ማፍሰስ የሚደገፍ ሥራ አይደለም። ልጆች የሚጫወቱበት መሬትም በአብዛኛው ጠጠርና አቧራ ስለ ሆነ ጉልበታቸው ይላጣል። በዚህ ምክንያት ውሃ የማይጠጣ ሣር መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው፤ ሳይጠኑ የገዙት ሣር ገንዘብም ስምም ያጠፋል።

የተለያዩት ቁመቶች ከየት መጡ?

በገበያ ላይ ያሉት ቁመቶች እንዲያው በዘፈቀደ የተወሰኑ አይደሉም። ሰው ሠራሽ ሣር በሰፊው ከታወቁት ቦታዎች መጀመሪያ የተነጠፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በአሜሪካ አገር በፕሮቪደንስ ከተማ በሚገኘው ሞዝስ ብራውን ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙም ያን ጊዜ ኬምግራስ ይባል ነበር። በሂውስተን ከተማ በ1965 የተከፈተው አስትሮዶም የተባለው ጣራ ያለው ስታዲዮም በመጀመሪያ የተፈጥሮ ሣር ነበረው። በጣራው የሚያልፈው ብርሃን ተጫዋቾቹን ስላስቸገረ ጣራው ቀለም ተቀባ፤ ሣሩም ብርሃን አጥቶ ሞተ። በዚህ ምክንያት በ1966 ሰው ሠራሹ ሣር ገባበት፤ ከዚያም ወዲህ አስትሮተርፍ በሚለው ስም በዓለም ታወቀ። ይህ የመጀመሪያው ዐይነት ከናይሎን የተሠራ፣ አጭርና ጠጣር፣ ምንም መሙያ የሌለበት ነበር።

ሁለተኛው ዐይነት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የወጣው ሲሆን፤ ክሩ ረዘም፣ ስፌቱም ሳሳ ተደርጎ በመካከሉ አሸዋ የሚሞላበት ነው። ሦስተኛው ዐይነት በ1990ዎቹ ተሠራ፤ ክሩ ከ40 እስከ 60 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ሆኖ፤ ከታች አሸዋ፣ ከላይ የተፈጨ ጐማ ይሞላበታል። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊፋ፣ ከ2001 ጀምሮ ሜዳዎችን መርምሮ የማረጋገጫ ደረጃ መስጠት የጀመረው በተለይ ይህ ሦስተኛው ዐይነት ከወጣ በኋላ ነው። እንግዲህ ዛሬ በነጋዴው ፊት የሚቀርቡት አጭሩ፣ መካከለኛውና ረጅሙ ክር እያንዳንዳቸው ለልዩ ልዩ ጨዋታ የተፈጠሩ ናቸው። ረጅሙ ከአጭሩ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ሥራቸው ይለያያል እንጂ።

የክር ቁመት ማለት ምን ማለት ነው?

የክር ቁመት ማለት ክሩ ከተሰፋበት ከጨርቁ ፊት ጀምሮ እስከ ክሩ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። የጀርባው ጨርቅና በጀርባው የተቀባው ማጣበቂያ በዚህ ልክ አይገቡም። አንዳንድ ሻጭ ግን የጀርባውን ውፍረት ደምሮ 40 ሚሊሜትር የሆነውን 43 ወይም 44 ብሎ ያቀርባል። ናሙና የቀረበለት ነጋዴ ቀጭን የብረት ማስመሪያ ይዞ፤ ክሮቹን በጣቱ ገልጦ፤ ማስመሪያውን እስከ ጨርቁ ድረስ አስገብቶ፤ ክሩን ቀጥ አድርጎ ይለካ። ይህንም በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በናሙናው በአምስት ቦታ ያድርግ። የማስመሪያው ዜሮ ከጫፉ የሚጀምር መሆኑንም ይመልከት።

ከቁመት ጋር ሁልጊዜ አብሮ መጠየቅ ያለበት ሁለተኛ ነገር የክሩ ብዛት ነው። የነጋዴው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በዚህ በኩል ስለ ሆነ በምሳሌ እናስረዳለን። የክር ውፍረት ዲቴክስ በሚባል መስፈሪያ ይነገራል፤ ይኸውም የ10,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ማለት ነው። ክሩ 10,000 ዲቴክስ ከሆነ አንዱ ሜትር 1 ግራም ይመዝናል። የስፌቱ መስመሮች በመካከላቸው የኢንች 5/8 ያህል ከተራራቁ፤ በአንድ ሜትር ስፋት 63 መስመሮች ይገኛሉ። በእያንዳንዱ መስመር በአንድ ሜትር ርዝመት 160 ስፌት ካለ፤ በካሬ ሜትር 10,080 ስፌት ይሆናል። እያንዳንዱ ስፌት ሁለት እግር ስላለው፤ የ40 ሚሊሜትር ሣር በአንድ ስፌት 80 ሚሊሜትር ክር ይፈጃል። ስለዚህ ከጨርቁ በላይ ያለው የክር ክብደት በካሬ ሜትር 806 ግራም ያህል ነው።

አሁን ፋብሪካው ይህንኑ 806 ግራም ክር ሳይጨምር ቁመቱን ወደ 50 ሚሊሜትር ከፍ ያድርገው እንበል። ስፌቱ በካሬ ሜትር ከ10,080 ወደ 8,064 ይወርዳል፤ በአንድ ሜትር 160 የነበረውም 128 ይሆናል። ሣሩ ረዝሟል፤ ነገር ግን ሳስቷል። በሱቅ ውስጥ ለሚያየው ሰው ረጅሙ ያማረ ይመስላል፤ በእግር ሲረገጥ ግን ቶሎ የሚተኛው እርሱ ነው። ስለዚህ «50 ሚሊሜትር በ40 ሚሊሜትር ዋጋ» የሚል ቅናሽ ሲቀርብ፤ ነጋዴው ደስ ከመሰኘቱ በፊት የዲቴክሱን፣ የስፌቱን ብዛትና የክሩን ክብደት በጽሑፍ ይጠይቅ። እነዚህን ቍጥሮች ለመስጠት እምቢ ከሚል አቅራቢ መራቅ ይሻላል።

ለየትኛው ጨዋታ የትኛው ቁመት?

እግር ኳስ። በትንሽ ሜዳ አምስት ለአምስት ለሚጫወቱ 40 ሚሊሜትር ይበቃል፤ በትልቅ ሜዳ ለሚጫወቱ እስከ 50 እና 60 ሚሊሜትር ይነጠፋል። ረጅም ክር ኳሱን ያዘገየዋል፤ በጠባብ ጓሮ ውስጥ ደግሞ ኳሱ ከመንከባለል ይልቅ ሣሩ ውስጥ ይሰምጣል። ፊፋ በሚያደርገው ምርመራ ከ2 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ኳስ ከ60 እስከ 100 ሳንቲሜትር መንጠር አለበት፤ ለከፍተኛው ደረጃ ደግሞ ከ60 እስከ 85 ሳንቲሜትር ነው። ይህን ፈተና ማንም ባለሱቅ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ካሬ ሜትር ናሙና በጠንካራ መሬት ላይ አንጥፎ፤ መሙያውን በልኩ ሞልቶ፤ በግድግዳው ላይ ሜትር ምልክት አድርጎ፤ በደንብ የተነፋ ኳስ ይልቀቅ። ኳሱ ከ1 ሜትር በላይ ከነጠረ ሜዳው ደርቋል፤ ከ60 ሳንቲሜትር በታች ከቀረም ለስላሳነቱ በዝቷል ማለት ነው።

ገናና ሆኪ። ገና የሚጫወት ሁሉ እንደሚያውቀው ሩሩ በመሬት ላይ ተንከባልሎ ካልሄደ ጨዋታው አያምርም። ፈረንጆች ሆኪ የሚሉት ጨዋታ ለዚህ ቅርብ ነው። በ1976 በሞንትሪያል የኦሊምፒክ ጨዋታ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ተካሄደ። የሆኪ ሜዳ ክር አጭር ነው፤ ውሃ የሚረጭበት ዐይነት ከ10 እስከ 13 ሚሊሜትር ያህል፣ አሸዋ የሚበተንበት ደግሞ ወደ 20 ሚሊሜትር የሚጠጋ ነው። በረጅም ክር ላይ ዱላው ይጠላለፋል።

ቴኒስ። ከ12 እስከ 20 ሚሊሜትር የሆነ፣ አሸዋ እስከ ጫፉ አጠገብ የተሞላበት አጭር ክር ያሻዋል።

መረብ ኳስ። ኳሱ ከመሬት ስለማይነጥር ቁመቱ እንደ ሌሎቹ አያስጨንቅም፤ ነገር ግን ተጫዋቹ እየዘለለ ስለሚወርድ እግሩ የሚሰምጥበት ረጅም ክር ቁርጭምጭሚት ያስጠመዝዛል። ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር የሆነው አሸዋ የተሞላበት ሣር ይስማማዋል።

ቅርጫት ኳስ። ለዚህ ጨዋታ ሣር አይሸጥ። ኳሱን እያነጠሩ መሮጥ የጨዋታው ሥር ስለ ሆነ፤ የተስተካከለ የሲሚንቶ ወለል ከማናቸውም ሣር ይሻላል። ገዢውን ይህን እውነት የነገረ ነጋዴ አንድ ሽያጭ ቢያጣ አንድ ደንበኛ ያተርፋል።

ለጌጥ የሚሆን ሣር። ከ25 እስከ 40 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከሥሩ ቡናማ የተጠቀለለ ክር የተቀላቀለበት፣ ለዐይንና ለእጅ ለስላሳ የሆነ ሣር አለ። ይህ ለሆቴል ደጃፍና ለአበባ ቦታ ዳር የተሠራ ነው። ቁመቱ ከኳስ ሜዳው ሣር ጋር ስለሚተካከል በስሕተት ወይም በተንኰል ለሜዳ ይሸጣል፤ ጐረምሶች ሲሮጡበት ግን ቶሎ ተኝቶ ይቀራል። ቁመት ብቻውን የማይበቃ መለያ መሆኑን ይህ ያሳያል።

መሙያውና የጭነቱ ነገር

ሣር የሚገዛ ሰው የሚያስበው ስለ ሣሩ ዋጋ ነው። ለዋግ ነጋዴ ግን ከሣሩ ይልቅ የሚከብደው መሙያው ነው፤ የመሙያውን ብዛት የሚወስነውም የክሩ ቁመት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መሙያ ማለት 1 ሊትር ማለት ነው። 1 ሊትር ደረቅ አሸዋ 1 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ 1 ሊትር የተፈጨ ጐማ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ያህል።

20 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ፣ ማለትም 200 ካሬ ሜትር የሆነ የጓሮ ሜዳ እንውሰድ።

ክሩ 20 ሚሊሜትር ቢሆንና 16 ሚሊሜትር አሸዋ ቢሞላበት፤ 48 ኩንታል አሸዋ ይፈልጋል። ጐማ የለበትም።

ክሩ 40 ሚሊሜትር ቢሆንና 15 ሚሊሜትር አሸዋ፣ 10 ሚሊሜትር ጐማ ቢሞላበት፤ 45 ኩንታል አሸዋና 10 ኩንታል ጐማ ይፈልጋል።

ክሩ 50 ሚሊሜትር ቢሆንና ጐማው 20 ሚሊሜትር ቢሆን፤ 45 ኩንታል አሸዋና 20 ኩንታል ጐማ ይሆናል።

ክሩ 60 ሚሊሜትር ቢሆንና 20 ሚሊሜትር አሸዋ፣ 25 ሚሊሜትር ጐማ ቢሞላበት፤ 60 ኩንታል አሸዋና 25 ኩንታል ጐማ፣ በድምሩ 85 ኩንታል ይሆናል።

በሦስቱ ረጃጅም ክሮች ከመሙያው በላይ የሚታየው ሣር እኩል 15 ሚሊሜትር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ተጫዋቹ የሚያየው ሣር አንድ ዐይነት ሆኖ ሳለ፤ ከ40 ወደ 60 የተጨመረው 20 ሚሊሜትር የተቀበረው 30 ኩንታል ተጨማሪ ጭነት ውስጥ ነው። የ40 ሚሊሜትር ሣር ከነጀርባው በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ያህል ቢመዝን፤ ለ200 ካሬ ሜትር የሚበቃው ሣር ራሱ 4 ኩንታል ብቻ ነው። እንግዲህ ሣሩ 4 ኩንታል፣ መሙያው ደግሞ እስከ 85 ኩንታል ከሆነ፤ የዋጋውን ሂሳብ ከሣሩ ብቻ የጀመረ ነጋዴ መንገድ ላይ መክሰሩ የማይቀር ነው። ከሰቆጣ ማርና ከብት ጭኖ የወጣ መኪና ሲመለስ ሣሩን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ሁሉ መሙያ ተራራ ማስወጣት ግን ሌላ ሥራ ነው።

አሸዋው በአካባቢው ቢገኝ ወጪው ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ማናቸውም የወንዝ አሸዋ አይሆንም። የሚፈለገው ክብ ቅንጣት ያለው፣ የታጠበና የደረቀ፣ መጠኑ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙ የማይርቅ አሸዋ ነው። ከድንጋይ ወፍጮ የወጣ ሹል አሸዋ ክሩን እንደ ምላጭ ይቈርጠዋል። ጭቃ ያለበት አሸዋም በክረምት ይረጋና ሜዳውን እንደ ድንጋይ ያደርገዋል። ለመመርመር በጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውሃ አድርጎ በደንብ መምታትና ማስቀመጥ ነው፤ በነጋታው ከአሸዋው በላይ ወፍራም የጭቃ ሽፋን ከታየ አሸዋው ይታጠብ። የሎሚ ውሃ ሲንጠባጠብበት የሚፈላ ከሆነ ደግሞ ኖራ ያለበት ስለ ሆነ ይተው፤ ኖራው ከጊዜ በኋላ አሸዋውን ያጣብቀዋል።

ስለ ጐማው አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ቍጥር 2023/2055 በሆነው ደንብ መሠረት፤ ለሜዳ መሙያ የሚሆኑ ጥቃቅን የፕላስቲክና የጐማ ቅንጣቶች ከጥቅምት 2031 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች እንዳይሸጡ ተወስኗል። ምክንያቱም ቅንጣቶቹ በዝናብና በጫማ እየተወሰዱ ወደ አፈርና ወደ ውሃ ስለሚገቡ ነው። በእኛም አገር ይህን ማሰብ ይገባል። ፍየል በየደጁ በሚሰማራበት በዋግ ምድር፤ ከሜዳው የሚወጣ ጐማና የተነቀለ ክር የሚለቀመው በከብት አፍ እንዳይሆን ሜዳው ዙሪያውን ዝቅተኛ ግንብ ሊኖረው ያስፈልጋል።

ፀሐይና አቧራ

በደጋው ላይ ፀሐይዋ ቀዝቀዝ ያለች ብትመስልም ለፕላስቲክ ግን ብርቱ ናት። ከባሕር ወለል በ1000 ሜትር ከፍ በተባለ ቍጥር ቀለም የሚያጠፋውና ክር የሚያደርቀው የፀሐይ ጨረር አንድ አሥረኛ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በሰቆጣ የሚነጠፍ ሣር ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ ቢያንስ አንድ አምስተኛ የበለጠ ጨረር ይወርድበታል። ክሩ ከፖሊኤቲሊን የተሠራና ጨረርን የሚቋቋም ቅመም የገባበት መሆኑን፤ ኢ.ኤን. 14836 በሚባለው የአውሮፓ መመርመሪያ መፈተኑን የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ የነጋዴው መብት ነው። ከፖሊፕሮፒሊን ብቻ የተሠራው ርካሽ ክር ጠጣር ነው፤ ሲወድቁበትም ይልጣል።

ሙቀቱም ሌላ ነገር ነው። ሰው ሠራሽ ሣር በቀትር ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል፤ ጥቁር ጐማ የሞላበት ረጅም ሣር ደግሞ ይብሳል። ውሃ ቢረጩበት ለጥቂት ጊዜ ይቀዘቅዝና ተመልሶ ይግላል፤ ውሃ ለማዳን የተነጠፈ ሣር ውሃ እንዲጠጣ ማድረግም ትርፉ ድካም ነው። መፍትሔው አጭር ክርና ብርሃናማ አሸዋ መምረጥ፣ ልጆችንም በጧትና በማታ ማጫወት ነው።

በጋ በገባ ጊዜ አቧራው ይነሣል። አቧራው በረጅም ክር ሥር ይከማቻል፤ በክረምት ጭቃ ይሆናል፤ ውሃ የሚወርድበትንም ቀዳዳ ይደፍናል። አጭር ክር በተራ ጠንካራ መጥረጊያ ይጠረጋል። ረጅሙ ግን በየሳምንቱ በብሩሽ ወደ ላይ መበጠር፣ ጐማውም በየጊዜው መስተካከል አለበት። ይህን የሚሠራ ሰው ሳይቀጠር ረጅም ክር መግዛት ፈረስ ገዝቶ ገለባ እንደ መንፈግ ነው።

አነጣጠፉና የጥቅሉ ልክ

ሣሩ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ሜትር ስፋት ተጠቅልሎ ይመጣል። ለ20 በ10 ሜትሩ ሜዳ ጥቅሉን በርዝመቱ ለሚያነጥፍ ሰው 10 ሜትሩ ለ4 ሲካፈል 2 ተኩል ስለሚሆን፤ 3 ጥቅል በ20 ሜትር ይገዛል፤ ይህም 240 ካሬ ሜትር ነውና 40 ካሬ ሜትሩ ትርፍ ይሆናል። በወርዱ ካነጠፈው ግን 20 ሜትሩ ለ4 ሲካፈል 5 ስለሚሆን፤ እያንዳንዳቸው 10 ሜትር የሆኑ 5 ቁራጮች ልክ 200 ካሬ ሜትር ይሞላሉ፤ መጋጠሚያውም 40 ሜትር ይሆናል። ሁሉም ቁራጮች ክራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲተኛ ተደርገው መነጠፍ አለባቸው፤ አለዚያ ሜዳው ሁለት ቀለም ያለው ይመስላል።

ከሥሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሚሆን የተጠቀጠቀ ጠጠር ያስፈልጋል፤ በ100 ሜትር 1 ሜትር ያህል ዘቅዘቅ ማለትም አለበት፤ የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ የሚወርድበት ቦታ ከሌለው ማናቸውም ሣር አይጸናም። የመሬቱ ጕድለት በአጭር ክር ላይ ፈጥኖ ይታያል፤ ረጅሙ ክር ግን ይሸፍነዋል። አንዳንድ ሠራተኛ መሬቱን ሳያስተካክል ረጅም ክር ግዙ ብሎ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ለሕፃናት የሚሆን አጭር ክር በአሸዋ ሲሞላ ስለሚጠነክር፤ ከሥሩ 10 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ስፖንጅ መሰል ንጣፍ ቢደረግበት ለጭንቅላትና ለጉልበት ይበጃል።

ለአስመጪው

በዓለም የጉምሩክ ድርጅት በ2022 በወጣው የዕቃዎች መደብ ይህ ሣር በምዕራፍ 57 ከምንጣፍ ጋር ተመድቦ፤ ከናይሎን የተሠራው 5703.21፣ ከሌላ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራው 5703.31 የሚል የራሱ ቍጥር ተሰጥቶታል። ከዚያ በፊት ከሌላ ምንጣፍ ጋር ተደባልቆ ይቈጠር ነበር። አስመጪው በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ቍጥሩ በትክክል መጻፉን ቢያይ፤ የሚከፈለውንም ቀረጥ አስቀድሞ ከጉምሩክ ቢጠይቅ በወደብ ከመጕላላት ይድናል። መሙያው ጐማና ስፖንጁ ሌላ ቍጥር ስላላቸው በአንድ መስመር አይጻፉ። በሽያጩ ላይ 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ፤ ገዢውን በብር ቁርጥ ዋጋ ያዋዋለ ነጋዴ ዕቃው እስኪደርስ ያለውን ልዩነት አስቀድሞ ያስላ። ክሩ በረዘመ መጠን ጥቅሉ ስለሚወፍር አንድ ኮንቴይነር የሚይዘው ካሬ ሜትር እንደሚያንስም አይዘንጋ።

የምንመክረው

ለአንድ ቤተ ሰብ ጓሮ፣ ልጆች ኳስ ለሚጫወቱበት፣ ጐልማሶች መረብ ኳስ ለሚመቱበት፣ ለገናም ሩር ለሚጠለዝበት ግቢ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር የሆነ፣ ስፌቱ የበዛ፣ አሸዋ ብቻ የሞላበት ሣር ይበቃል። ጐማ ስለሌለው ከሩቅ የሚጫን ነገር ይቀንሳል፤ ለመጥረግም ይቀላል።

በሰዓት እያከራየ እግር ኳስ ብቻ ለሚያጫውት ሰው 40 ሚሊሜትር የሆነ፣ በካሬ ሜትር ከ10,000 ያላነሰ ስፌት ያለው ሣር ይመረጥ። የ50 ሚሊሜትሩ ለትልቅ ሜዳ፣ ብሩሽና ሠራተኛ ላለው ትምህርት ቤት ወይም ክለብ ይቈይ። የ60 ሚሊሜትሩን ግን በሰቆጣም ሆነ በአምደ ወርቅ ለጓሮ ሜዳ የሚገዛበት ምክንያት አይታየንም።

ሜዳውን ለመሥራት አቅም ለሌለው ደግሞ ድንጋዩ የተለቀመለት፣ የተደለደለና የተጠቀጠቀ መሬት ከመጥፎ ሣር እንደሚሻል ሳይታፈር ይነገረው። ያረጀ ሣር የሚጣልበት ቦታ በአካባቢያችን ስለሌለ፤ በሁለት ዓመት የሚበላሽ ዕቃ የሸጠ ነጋዴ ያን ቆሻሻ በጐረቤቱ ደጅ ሲያየው ይኖራል።

ስለዚህ ገዢ ወደ ሱቅ ሲገባ የባለሱቁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ካሬ ሜትር?» ሳይሆን «ምን ጨዋታ ትጫወቱበታላችሁ?» የሚል ይሁን። መልሱን ከሰማ በኋላ ቁመቱን፣ ከቁመቱ ስፌቱን፣ ከስፌቱ መሙያውን፣ ከመሙያውም የጭነቱን ኩንታል በተራ ቢያወጣ፤ ገዢው የሚከፍለውን ሙሉ ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። በትንሽ ከተማ አንድ ሜዳ በደህና ከቆመ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያስከትላል፤ የመጀመሪያው ከተበላሸ ግን ዕቃውም ሻጩም አብረው ስማቸው ይጠፋል።